መርዶ ያቆየንበት ሌሊት

ያን ጊዜ አራት ነበርን። አራታችንም በነታንያ ከተማ፣ ቅርያት ኖርዳው ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃቸው ሁልጊዜ የጎረቤት ወጥ በሚሸት አሮጌ ብሎኮች ያደግን፣ ውትድርናችንን ጨርሰን ሥራ የጀመርን፣ ገና ያላገባን፣ ሐሙስ ማታ ሲደርስ እግራችንን የሚበላን ልጆች ነበርን። ዛሬ ያንን ዘመን ሳስበው ሁላችንም በአንዲት መኪና ውስጥ ተጨናንቀን ነው የሚታየኝ።

መኪናዋ የአንደኛው ጓደኛችን ናት፤ እኛም ሌላ ስም አጥተን ባለመኪናው እንለው ነበር። ልቡ ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። በዕድሜ ከእሱ የምትበልጥ ይመስለኛል፣ መኪናዋ። የኋላ ቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ለመውረድ የጓደኛ ደግነት መጠበቅ አለበት። ባለመኪናው ሁሉን ነገር ይሰጠናል፣ ሬዲዮውን ግን አያስነካም። ሌላዋ ሴት ናት። አብራን ስላደገች እንደ ወንድሞቿ ታዘናለች፤ ነርስነት ትማር ነበር፤ ቁም ነገር ሲመጣ ሦስታችንም እሷን ነው የምናየው። ሦስተኛው ወዳጄ ነው፤ ይህን የማወራው በእሱ ምክንያት ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። ያኔም እንደ ዛሬው ከቤት መውጣት ሞት የሚመስለኝ፣ አንዴ ከወጣሁ ደግሞ መመለስ ሞት የሚመስለኝ ሰው ነበርሁ።

ወዳጄን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ቤተሰቡ ዓሊያ አድርጎ ወደዚህ ወደ እስራኤል ሲመጣ እህቱ አግብታ ስለነበር ጉዳይዋ ለብቻው ይታያል ተባለና ጎንደር ቀረች። «በሚቀጥለው ዓመት ትመጫለሽ» ሲሏት ዓመቱ እያለፈ፣ ያዘለችው ልጅ እዚህ አደገ፣ ጢም አወጣ፣ መሣሪያ ተሸክሞ አወረደ። ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ይደውልላታል። አንዳንዴ አጠገቡ ስሆን ድምጿን እሰማለሁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትጠይቀው «በልተሃል?» ብላ ነው።

አንድ ሐሙስ፣ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ በቀረበት ከሰዓት በኋላ፣ የወዳጄ አጎት ደውለው ወደ ብሎካቸው ጠሩኝ። ስደርስ ባለመኪናውና ልጅቷ ከደረጃው ሥር ቆመዋል። አጎትየው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣

«ልጆቼ፣ እህቱ አረፈች» አሉን። «ጥቂት ቀን ታማ ነው። እኛም የሰማነ ዛሬ ነው። ተቀብራለች።»

ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ባለመኪናው ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ «በልተሃል?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

«እሱ አልሰማም» አሉ አጎትየው። «ዘመድ ካፉላም ከቅርያት ጋትም መጥቶ እስኪሰበሰብ ይነጋል። መርዶ በጨለማ አይነገርም፣ ላንድ ለብቻውም አይነገርም። እናንተ ጓደኞቹ ናችሁ፤ ይዛችሁት ውጡ። አብሉት። ከነገ ጀምሮ እህል አይወርድለትም። ሲነጋ፣ ሰው ሲሞላ፣ ታመጡታላችሁ።»

«ፔሌፎኑስ?» አለች ልጅቷ፣ የእጅ ስልኩን ማለቷ ነው።

አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን እንግዲህ እናንተ እወቁበት፣ ልጄ። በኛ ጊዜ ወሬ በግር ነበር የሚመጣ፤ ሰው መንገድ ላይ ቁሞ ይመልሰዋል። ይኸን ማን ቁሞ ይመልሰዋል?»

የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ይዘገንናቸዋል። «የሰውን ሐዘን እንዴት ትደብቁበታላችሁ?» ይሉኛል። እኔ መደበቅ ነው ብዬ አላውቅም፣ ማቆየት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ከስልክ ላይ ማንበብ የለበትም። በሁለት ክንዱ የሚይዙት ሰዎች መኖር አለባቸው፣ በልቶ ያደረ ሆድ መኖር አለበት፣ የነጋ ሰማይ መኖር አለበት። ያን ማታ በእኛ በሦስታችን እጅ የነበረው ይኸው ነው፤ ወዳጃችን የእህቱን ሞት ከሽማግሌዎች አፍ እንጂ ከስልክ እንዳይሰማ። እስኪነጋ።

ሲመሽ ሄደን ጠራነው። ጸጉሩን ታጥቦ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ እየዘፈነ ወረደ። ባለመኪናው የኋላውን ቀኝ በር ከፈተለትና አስገብቶ ዘጋው። እኔ አጠገቡ ተቀመጥሁ፣ ልጅቷ ከፊት። ገና ከሰፈር ሳንወጣ ዞር ብላ፣

«አሒ፣ ወንድሜ፣ ስልኬ ሞቶብኛል፣ ያንተን ስጠኝ። ዛሬ ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ» አለችው።

ሳያስብ ሰጣት። ጎንበስ ብላ አውሮፕላን ላይ እንደሚደረገው ከውጭ ምንም እንዳይገባበት አድርጋ ዘጋችው፤ ከዚያ ቀና አለችና የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳችን። ፎቶው ዛሬም አለ። ወዳጄ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። እኔ ዓይኔ ከወዲያ ነው።

ስልኩን ያዝነው፤ ቀጥሎ የሰው ነገር መጣ። ሐሙስ ማታ የኛ ሰው ሁሉ ታያሌት በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ነው፤ ባሕሩን ቁልቁል እያየ ከወዲያ ወዲህ ይንሸራሸራል። መሀል ከተማ ያለው አደባባይ፣ ኪካሩም፣ እንደዚያው ነው። ሌላ ጊዜ ደስ የሚለን ይኸው ነበር፤ አሥር እርምጃ ለመሄድ ሃያ ሰው መሳም። ያን ማታ ግን ከሰላምታው መካከል አንዱ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ቢለውስ? ባለመኪናው መሪውን ወደ ምሥራቅ አዞረው።

«ወዴት ነው?» አለ ወዳጄ።

«ኤቨን የሁዳ።»

«ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ! ኤቨን የሁዳ ምን አለ? ብርቱካን ልንለቅም ነው?»

«ጥሩ ዓሣ ቤት አለ ተብሏል። ያላ፣ በል ዘፈን ምረጥ» አለው ባለመኪናው፣ ሬዲዮውን ለቆለት።

ወዳጄ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። ያ ሬዲዮ ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ዕድሉ እንዳያመልጠው ብሎ ይመስለኛል ምንም ሳይጠይቅ መረጠ፤ መንገዱን ሙሉ እየጮኽን ዘፈንን። ውጭው ጨለማ ነበር፤ በመስኮቱ ስንጥቅ የብርቱካን እርሻው እርጥብ ሽታ ይገባል። ከሁሉም በላይ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

ዓሣ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንድ ሐበሻ አይገኝበትም ባልነው ቦታ የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ናቸው፣ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው የሳቡ። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩን። ወዳጄ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

«አንተ... ያንጥረኛው የልጅ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ» አለ ወዳጄ ደስ ብሎት፣ እጁን በመስኮቱ እየሰደደ። በሩ ስለማይከፈት ተነስቶ ሊስማቸው አልቻለም።

እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። መስማታቸውን ከፊታቸው አወቅሁ። አፋቸው ተከፈተ። ልጅቷ ከፊት ወንበር ዞራ ከንፈሯን ነክሳ ታያቸዋለች። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ ባለመኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙ።

«በላችሁ?» አሉን።

«ገና ነን ጋሼ» አልሁ።

«ብሉ እንግዲያስ። አብሉት።» የወዳጄን እጅ ስመው ቀስ አድርገው ወደ መኪናው ውስጥ መለሱለት።

«እኚህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሳሙኝ?» አለ ወዳጄ ስንወርድ።

«አርጅተው ነው» አለ ባለመኪናው።

ገባን፣ ተቀመጥን፣ ዓሣ አዘዝን። እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። እኛ ሰው ስናዝን የምናውቀው ማጉረስ ብቻ ነው። ባለመኪናው የወዳጄን ዓሣ ወደ ራሱ ስቦ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ ያቀርብለታል። ልጅቷ በዳቦ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። እኔ የራሴን ሳህን ወደ እሱ እገፋለሁ። ሰውየው አንዱን ሳይውጥ ሌላው ይደርሳል። እስራኤል ያደገ ሰው ይህን ያህል ሲጎርስ መጠርጠሩ አይቀርም። በመጨረሻ ሁለት እጁን አነሳ።

«ሬጋ፣ ሬጋ! ቆይ! ምንድን ነው ዛሬ? ሬዲዮ ተሰጠኝ። ዓሣ ተፈለፈለልኝ። ይኼኛው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፣ «ይኼኛው ሳህኑን ሰጠኝ! ማን ምን ሆኖ ነው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ነበር፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ ሊል ሲል አየሁት። ልጅቷ ውኃ አነሳች። አንድ ነገር ቶሎ መባል ነበረበት። አፉ የማያርፈው ባለመኪናው ነው ያለው፦

«ልደትህ ነው!»

ይህ እንዴት ሊያዋጣ እንደቻለ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የወዳጄ ልደት መታወቂያው ላይ ጃንዋሪ አንድ ነው። የእኔም ነው። የባለመኪናው እናት ልደትም ያው ነው። ከኢትዮጵያ ስንገባ የተወለደበትን ቀን ለማያውቅ ሰው ሁሉ መታወቂያ የምትሞላው ጸሐፊ የዓመቱን መጀመሪያ ትጽፋለች፤ እናም ሰፈራችን ውስጥ ጃንዋሪ አንድ ሲገባ ግማሹ ሰው በአንድ ሌሊት ያረጃል እየተባለ ይቀለዳል። ማንም በዚያ ቀን ኬክ አይቆርስም። የራሳችን እንዳልሆነ እናውቃለን።

«ልደቴማ አልፏል» አለ ወዳጄ።

«እሱ የጸሐፊዋ ነው። ያንተን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ ነው ብለናል። ተወስኗል። አለቀ።»

ወዳጄ ባለመኪናውን አየው፣ እኛን አየን፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ደስ ይለዋል ብዬ አልጠበቅሁም። በዕድሜው ሙሉ አንድም ሰው ልደትህ ነው ብሎት የማያውቅ ልጅ ነው። አስተናጋጇን ጠርቶ ራሱ ነገራት። መብራቱ ጠፋ፤ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር የተሰካበት ቁራሽ ኬክ መጣ፤ የማናውቃቸው ሰዎች ከየጠረጴዛቸው እያጨበጨቡ ዘፈኑለት። የአገሩ ልማድ ነውና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ላይ ብድግ እናደርገው ጀመር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሚስቱ ጎን ተነስቶ ረዳን። ወዳጄ ከላይ ሆኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ልጅቷ በራሱ ስልክ ትቀርጸዋለች።

«ዲ! ዲ! በቃ፣ አውርዱኝ!» አለ። አወረድነው። መሬት ሲነካ ፊቱ እያበራ፣ «ለእህቴ ልደውልላት» አለ። «የተወለድሁበትን ቀን እሷ እኮ ነች የምታውቀው! ዛሬ ሊሆን ይችላል እኮ! ስልኬን ስጪኝ።»

ሰዉ ገና ያጨበጭባል።

«ሶለላው አልቋል» አለች ልጅቷ፣ ባትሪውን።

«አሁን እየቀረጽሽኝ!»

አውራ ጣቷ የስልኩ ጎን ላይ ነበር። መስተዋቱ ሲጠቁር አየሁት። አዙራ አሳየችው። «ይኸው፣ አሁን አለቀ።»

«እንግዲያው ያንተን ስጠኝ» አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ቁጥሯን በቃሌ ነው የማውቀው። የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፣ የሷን ብቻ።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። ስልኩን ጨበጥሁት። ቢደውል ማን እንደሚያነሳ፣ ከኋላ ምን እንደሚሰማ ታየኝ። እንደዚያ ሌሊት ፈርቼ አላውቅም፤ ወታደር ቤት ውስጥም ቢሆን።

«መሽቷል» አልሁት። «በሌሊት ስልክ ሲጮህባት ምን ይመስላታል? ክፉ ወሬ የመጣ ነው የሚመስላት። ታስደነግጣታለህ።»

የዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

«እውነትህን ነው» አለ። «እሷ ደግሞ ድንጉጥ ናት። ነገ ዓርብ አይደል? ነገ እነግራታለሁ።»

ተቀምጦ ኬኩን በማንኪያ ለአራት ከፈለው። የኔን ድርሻ አንስቼ በላሁ።

ወደ ነታንያ ስንመለስ ታያሌቱ ላይ ሰው ሳስቷል። ባለመኪናው ከሻንጣ ቤቱ አሮጌ ብርድ ልብስ አወጣ፤ በደረጃው ወደ ባሕሩ ወረድን። ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ነፋስ የማይደርስበት ቦታ እናውቃለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የኛ ነው። አራታችን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ተቀመጥን። የባሕሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

ወዳጄ ስለ ልደቱ ማውራት አላቆመም። ጤፍ ሲወቃ ነው የተወለድሁት ይላል፤ እህቱ እንዲህ ብላ ነግራዋለች። ልጅ ነበረች፣ አውድማው ላይ ወፍ ስትጠብቅ ጠሩአት። ሮጣ ስትደርስ ጨቅላውን ጨርቅ ላይ አስተኝተውታል። «ይኼ የኔ ነው» ብላ አንስታ አልሰጥም አለች። እናታቸው ስቃ ነበር አሉ።

«ሁልጊዜ ስለዚህ ስለ ባሕሩ ትጠይቀኛለች» አለ። «ምን ልበላት? እንደ ጣና ነው እላታለሁ፣ ማዶ የለውም እንጂ። ማዶ ከሌለው ምኑን እንደ ጣና ሆነ ትለኛለች። ስትመጣ ከአውሮፕላን ጣቢያው ቀጥታ እዚህ ነው የማመጣት። ቤት ሳትገባ።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ልታጠብ» ብላ ወደ ውኃው ሄደች። ትከሻዋን ከሩቅ አየሁት። ባለመኪናውም አየ። ያ የማያፍር ልጅ ምን እንዳደረገ አልረሳውም፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በዚያ ብርድ፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ እስክስታ ይወርድ ጀመር። ወዳጄ የሷን ትከሻ እንዳያይ ነው። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እየጮኸ ይዘላል፣ ትከሻው ግን አይቆምም። ወዳጄ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቴን ነው የሳቅሁት። ከዚያ እሱም ጫማውን አውልቆ ገባ፤ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። አራታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እግራችን ደንዝዞ፣ በጨለማ ባሕር ውስጥ እየጮኽን ጨፈርን።

እንደዚያ ተደስቼም አዝኜም አላውቅም። ሁለቱ በአንድ ደረት ውስጥ ሲተራመሱ የት እንደሚለዩ አላወቅሁም ነበር። ዛሬም ያ ዘመን ናፈቀኝ ስል ሌላ ቀን አይመጣልኝም፤ ይኸው ነው።

በኋላ ወዳጄ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። አላንቀሳቀስነውም። ልጅቷ የሱን እርጥብ እግር በሻርፗ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሰማዩ ሲገረጣ ከላይ ከከተማው የሰንበት ዳቦ ሽታ መጣ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ያለ ድምፅ ነዘረ፤ አጎትየው ናቸው። ቀሰቀስነው።

ሰፈር ስንደርስ ነግቷል። ባለመኪናው ሞተሩን አጠፋ። ከብሎኩ ፊት ለፊት ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከአፉላ የመጡ አጎቶች፣ ከቅርያት ጋት የመጡ አክስቶች። ሁሉም ወደ መኪናዋ ይመለከታሉ።

ወዳጄ እንደ ልማዱ የበሩን እጀታ ያዘ። በሩ አይከፈትም። በመስተዋቱ ውስጥ አየ። ከሦስታችን አንዳችንም ወርደን ልንከፍትለት አልተነሳንም።

«ማን ነው?» አለ።

ባለመኪናው ቁልፉን ነቀለ።

«እሷ ናት?»

ልጅቷ ወርዳ ከፈተችለት። አጎትየውና ሌላ ሽማግሌ መጥተው በግራና በቀኝ ያዙት፤ ቃሉን እነሱ ናቸው የነገሩት፣ እንደሚገባው፣ ቆመው፣ በቀስታ። ጩኸቱን ሰማሁ። ወደ እኛ አላየም። እኛም ነጠላና ጋቢ ይዘን ከሰዉ ተቀላቀልን።

ሺቭዓው፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን፣ ሲያልቅ ልጅቷ ስልኩን መለሰችለት። ሲከፍተው «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚለው መልእክት ሁሉ ተከታትሎ ገባ አለችኝ፤ ከዚያ ሥር ወንበር ላይ ሆኖ የሚስቅበት ቪዲዮ። ለረጅም ጊዜ ራቀን። ማቆየታችንን አልተቀየመም፤ ለእሱም ወግ ነው፣ እሱም ለሌላ ሰው አድርጎታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልደት ለምን? ሌላ ውሸት አጣችሁ?» አለኝ።

ዓመት ዞሮ ተዝካሯ ደረሰ። ዝክሩ ተበላ፣ ተጸለየ፣ እንግዳው ሄደ። ወንበር አጣጥፈን ስንጨርስ ወዳጄ ወደ መኪናዋ ኑ አለን። በዚያው በኋላ ቀኝ ገብቶ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ ከሰፈሩ ሱቅ የተገዛ ደረቅ ኬክ ነበር።

«የተወለድሁበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ የለም» አለ። «እናንተ ያላችሁት ይሁን።»

በእጃችን ቆርሰን በላን። ከዚያ ወዲህ ልደቱ ያ ቀን ነው፤ ጠዋት ተዝካሯ፣ ማታ ኬኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ በተነን። ባለመኪናው አግብቶ ኤይን ሀትኽሌት የሚባል ሰፈር ገባ፤ መኪናዋን ሸጠ፣ አሁን ሁሉም በሯ የሚከፈት መኪና ይነዳል። ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ሰላምታዋ እንኳ በማለዳ ነው የሚደርሰኝ። የምንገናኘው ሠርግና ልቅሶ ላይ ነው። «እንውጣ እንጂ» እንባባላለን፤ ማንም አይወጣም። እኔም ሰበብ በመፈለግ የሚያህለኝ የለም።

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ማክሰኞ ወዳጄ ደወለልኝ።

«ና እንውጣ» አለኝ።

«ዛሬ? ማክሰኞ?»

«ዓሣ አማረኝ። ሁላችንም እየመጣን ነው።»

በመስኮት አየሁ። የባለመኪናው መኪና ቆማለች። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣለች፣ በዚያ ሳምንት ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ ያለችኝ ልጅ። አባቴ አፉላ፣ እህቴ ቤት ነው የሚኖረው፤ ከታመመ ሰንብቷል።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ለእህቴ መደወል እችል ነበር። አልደወልሁም። ኮቴን ለብሼ ወረድሁ። በመስኮቱ በኩል ስልኬን ለልጅቷ ሰጠኋት።

«ዛሬም ፎቶ አንሺዋ አንቺ ነሽ» አልኋት።

ተቀበለችኝና ሳታየኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዳጄ ወርዶ የኋላውን ቀኝ በር ከፈተልኝ፤ ስገባ ዘጋልኝ። ባለመኪናው ከሬዲዮው ዘፈን ምረጥ አለኝ። ዘፈንን። ኤቨን የሁዳ ሄድን። ስለ አባቴ አወራሁላቸው፤ ስለ ቁጣው፣ ሰንበት ማታ ኦቾሎኒ በኪሱ ይዞ ስለሚመጣልን፣ ደረጃ ሲወጣ ስለሚያፏጨው ነገር። መቶ ጊዜ የሰሙትን እንደ አዲስ ሰሙልኝ። ወዳጄ ሳህኔን ወደ ራሱ ስቦ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመልኝ።

አንዲት ሳላስቀር በላሁ። እስኪነጋ ድረስ አባት ነበረኝ።